ጣሪያ ላይ የዋለው ሳጥንና የእርስዎ ሬዲዮ

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ክሬኑ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ወገብዎን አሁንም ይጠዘጥዝዎታል ወይስ በላክንልዎ ቅባት ተሻለዎ? እንቅልፉስ? ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ትንሽ ያስተኛዎታል? አብረውዎ የሚኖሩት አቶ አብደላስ ሳሉ ለቀቃቸው? እንኳን ለትንሣኤው በዓል በሰላም አደረሰዎ። እርስዎ በሌሉበት የዋልነው ይህ ሦስተኛው ትንሣኤ ነው፤ ወንበርዎ ላይ ማንም አልተቀመጠበትም። እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ደኅና ናት፣ ወንድሜ ጫላ ደኅና ነው፣ አክስቴ ሻሼም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደኅና ናት። የናዝሬት ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን በየመስኮቱ እየጫነብን ነው። በር ላይ ቆመው «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም ሲሉን የምንሰማበት ቀን ናፍቆናል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የሞጆው ሾፌር ኑሬ ጭነት ሊያመጣ ወደ እርስዎ ዘንድ ስለሚወርድ በእጁ ያደርስልዎታል። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ሲያነቡት ይገባዎታል። አንብበው ቢያቃጥሉት አይከፋኝም፤ ቢያስቀምጡት ግን ደስ ይለኛል።

አባዬ፣ በየካቲት በላኩልኝ ደብዳቤ ሁለት ነገር አዘውኝ ነበር። አንደኛው፣ ለምሥራቅ ጀርመኑ ትምህርት ቀበሌው የሚጽፍልኝ የድጋፍ ደብዳቤ እስኪፈረም ድረስ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ አፌን እንድዘጋ ነበር። ሁለተኛው፣ ሬዲዮዎን ማንም እንዳይነካብዎ ነበር። ሁለቱንም በሁለት ቀን ውስጥ አፈረስሁ። የምጽፍልዎ ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ከሌላ ሰው ተጣሞ ከሚደርስዎ ከእኔው እንዲሰሙት ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሳክስፎን ነው። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን አንድ ሳክስፎን ነበረው፤ እርሱንም አውራጃው ከነተጫዋቹ ወሰደውና ሙዚቃው መሃሉ ላይ ባዶ ቀረ። ያን ጊዜ ጊታር የሚመታው ኡርጌሳ፣ የልብስ ሰፊዋ የወርቄ ልጅ፣ እኛ ቤት መጥቶ፣ «ባሕር ዳር ሦስት ዓመት የተቀመጥሽው ዓሣ ልትበዪ ካልሆነ፣ በይ ይህን ጊታር አስለቅሺልኝ» አለኝ። በፈረንጅ ዘፈን ላይ የሰማው ጊታር አለ፤ ድምፁ የሚሻክር፣ የሚያገሳ፣ አንዴ ከተመታ ቶሎ የማይሞት። ያን የሚያደርገው ፈዝ የሚባል ትንሽ ሳጥን ነው፤ በጊታሩና በማጉያው መሃል ይገባል፣ በእግር እየተረገጠ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ተገዝቶ የሚመጣ አይደለም። እኔ ግን አሠራሩን ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ ከአንድ መጽሔት ገልብጬ ደብተሬ ውስጥ ነበረኝ፤ ሁለት ትራንዚስተርና ጥቂት ቅራቅምቦ ነው። «እሠራልሃለሁ» አልሁት። ከወንጂ ከፋብሪካው ሥራ ስመለስ እጄ ገና ሥራ ይርበዋል አባዬ፤ እርስዎ ያውቁኛል፣ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልበትም።

ሳጥኑን ከብስኩት ቆርቆሮ ሠራሁት። የሚረገጠውን ማብሪያ ኑሬ ከሞጆ አመጣልኝ፤ በድሮ ከባድ መኪና ሾፌሩ የፊት መብራቱን በግራ እግሩ ዝቅ የሚያደርግበት፣ እርስዎ ያውቁታል። ኃይሉን የሚሰጡት ስድስት የሬዲዮ ድንጋዮች ናቸው። ሁለቱን ትራንዚስተሮች ደግሞ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑት ጋሽ ራህመቶ ከሞቱ ሬዲዮዎች ነቅለው ሰጡኝ። በክብሪት ቤት ውስጥ በጥጥ ጠቅልለው እንደ ጫጩት ነበር የያዟቸው። የድሮው ዓይነት፣ ጀርመኒየም የሚባለው ነው፤ ለዚህ ድምፅ ከአዲሶቹ ይልቅ እርሱ ይመረጣል።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳዎ፤ ያለዚህ የቀረው አይገባም። እርስዎ ሞተር ሲያስተካክሉ ሚኒሞ ይሰጡታል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ሳይረግጥ ሞተሩ ቆሞ የሚተነፍስበትን ልክ። ሲያንስ ይጠፋል፣ ሲበዛ ይጮኻል። ትራንዚስተርም ሚኒሞ አለው፤ እኛ ባያስ እንለዋለን። ስድስቱ ድንጋዮች ዘጠኝ ቮልት ይሰጣሉ፤ ጊታሩ ገና ሳይመታ የቮልት መለኪያውን ቴስተር ሁለተኛው ትራንዚስተር እግር ላይ ሲያሳርፉት መርፌው መሃል ላይ፣ አራት ተኩል ላይ መቆም አለበት። ከዚያ ወደ ላይ ከሸሸ ድምፁ ይንተባተባል፣ ጉሮሮውን እንደተያዘ ሰው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይሞታል። እኔም ኤሌክትሪኩን የምትገታ አንዷን ሬዚስተር ስነቅል ሌላዋን ስተክል ሁለት ሳምንት ፈጅቼ አራት ተኩል ላይ አቆምሁት። ኡርጌሳ እኛ ግቢ ሲመታው እማዬ ከጓዳ ወጥታ፣ «ይህ ደግሞ የማን በሬ ነው?» አለች። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልፈለግሁም።

በመጀመሪያው ልምምድ ኡርጌሳ ማብሪያውን ሲረግጠው ድንጋዮቹ ውስጥ ለውስጥ እየተነቃነቁ ሳጥኑ ተንጫጫ። ስለዚህ ስድስቱንም እርስ በርስና ከሳጥኑ ጋር በካውያ አጣበቅኋቸው፤ ከእንግዲህ ቢዘልበትም አይነቃነቁም ብዬ ኮራሁ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ በሽታ መጣ። ቡድኑ ቅዳሜና እሑድ በስምንት ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ይለማመዳል። ገና ሲጀምሩ ሳጥኑ ይንተባተባል። አመሻሹ ላይ ተሸክመው ወደ እኔ ያመጡታል፤ ቴስተሩን ሳሳርፍበት መርፌው አራት ተኩል ላይ ቁጭ! ድምፁም እንደ በሬ። በሚቀጥለው ልምምድ ደግሞ ይሞታል። ኡርጌሳ፣ «ሰው ይመርጣል ማለት ነው፤ አንቺን ሲያይ ሥርዓት ይይዛል፣ እኛን ሲያይ ይጠግባል» እያለ ይቀልድብኛል። አክስቴ ሻሼ፣ «ልጸልይለት እንዴ?» አለችኝ፤ እየቀለደች ይሁን የምሯን እስካሁን አላወቅሁም። ሽቦውን ሁሉ ቀየርሁ፣ የነካሁትን እንደገና ነካሁ። ሁልጊዜ የምለካው ግን ወይ ማለዳ አውቶቡሱ ሳይመጣ ነው፣ ወይ ከሥራ ስመለስ አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ይህ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም።

ሚያዝያ ዘጠኝ እሑድ አውራጃው ለሠራተኞች ቀን የተዘጋጁትን ቡድኖች ሊገመግም መጣ። አዳራሹ ሞልቷል፣ እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል። ዘፋኞቹ «ወደፊት! ወደፊት!» የሚለው አዝማች ላይ ሲደርሱ ጊታሩ ብቻውን ሊያገሳ የተተወለት ቦታ አለ። ኡርጌሳ ረገጠው። ሳጥኑ እንደ ሳል ሁለት ጊዜ ተርገፈገፈና ዝም አለ። ከኋላ አንዱ፣ «ወደኋላ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ወዬሳ ፊቱ ደም መሰለ። ወደ እኔ መጥቶ፣ «ምንድን ነው የሆነው?» ሲለኝ፣ እኔ በሕዝብ ፊት ያፈርሁት ልጅዎ፣ የራሴን እጅ ሙያ ለማዳን ብዬ፣ «ትራንዚስተሮቹ ብላሽ ናቸው!» አልሁት።

ይህችን ቃል ነው የምቆጭባት አባዬ፤ ሌላ አንድም የምቆጭበት የለም። ሰኞ ጧት አብዮት ጥበቃዎች ጋሽ ራህመቶን ከሱቃቸው ወሰዷቸው፣ በሩንም አሸጉ። ክሱ አሻጥር ነው። የአብዮቱን ድምፅ ለማፈን ሆን ብለው የተበላሸ ዕቃ ሰጥተዋል፣ ይኸው ሳጥኑን የሠራችው ባለሙያ ራሷ መስክራለች ተባለ። በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ላይ ሕዝቡ ከሰማ በኋላ ወደ አውራጃ ይተላለፋሉ የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ተለጠፈ። አሻጥር የሚለው ቃል ይዞት ሄዶ ያልመለሰውን ሰው እርስዎም እኔም እናውቃለን። የእኔ የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ እዚያው ጓድ ወዬሳ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ተኝቷል። ቀነ ገደቡ ሚያዝያ ሃያ ስምንት ነው። ዝም ብል ጀርመን እሄዳለሁ፣ ሽማግሌው በእኔ ቃል ይጠፋሉ።

ሐሙስ ከሥራ እንደወጣሁ ከባለቤታቸው ራት ተቀብዬ ቀበሌው ድረስ ወሰድሁላቸው። ፊታቸውን ማየት ፈራሁ። እርሳቸው ግን ሳህኑን እንኳ ሳይከፍቱ፣ «እንዴት ነው፣ አሁንም ይንተባተባል?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሽ ራህመቶ፣ ብላሽ ነው ያልሁት እኮ እኔ ነኝ» አልኋቸው። «ሰምቻለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ደንበኛ ሬዲዮ ሲያመጣልኝ ምን ሆነብህ ብዬ አልጠይቅም። ሁሉም ዝም አለ ነው የሚለኝ። መቼ ነው የሚታመመው ብዬ ነው የምጠይቀው። አንቺ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትለኪው? እነርሱስ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመቱት?» አሉኝ። ጠባቂው፣ «በቃ፣ ጨርሱ» አለ። ስወጣ፣ «ታዲያ በዚያው በሰዓቱ ሂጂና እዪው እንጂ፣ ኢንጂነር!» ብለው ከኋላዬ ጮኹብኝ። ያን ያህል ተናድጄም አፍሬም አላውቅም።

ቅዳሜ ፋብሪካው ግማሽ ቀን ነው። ቴስተሩን እንደ ልማዴ ፈርሜ ተዋስሁና ከወንጂው አውቶቡስ እንደወረድሁ በቀጥታ ወደ ኡርጌሳ ቤት ሄድሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። «ሳጥኑስ?» አልሁት። ወደ ላይ አሳየኝ። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ፣ ፀሐይ በሚያቃጥለው ቦታ መሃል ተቀምጧል። «ከልምምድ በፊት ሁልጊዜ አሰጣዋለሁ» አለኝ፤ «ድንጋዩ እንዲበረታ ነዋ! አንቺ አጣብቀሽው አልወጣ ሲለኝ ጊዜ ከነሳጥኑ ማውጣት ጀመርሁ።»

አባዬ፣ እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ የሬዲዮዎን ድንጋዮች አንድ በአንድ አውጥተው፣ በጨርቅ ወልውለው፣ ለእሑድ ዝማሬ እንዲበረቱ ጣሪያ ላይ ሲያሰልፏቸው መሰላሉን የያዝሁት እኔ ነኝ። በዚህ አገር የደከመ ድንጋይ ፀሐይ የማያሰጣ ማን አለ? እኔ ብቻ ነኝ ይህን ረስቼ ድንጋዩን ከትራንዚስተሩ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያሰርሁት። ኡርጌሳ ሳጥኑን አወረደልኝ፤ በእጄ ልይዘው አልቻልሁም፣ በቀሚሴ ጫፍ ተቀበልሁት። ቴስተሩን አሳረፍሁ። መርፌው ሰባት ተኩልን አልፏል! ወደ ቤት አስገብቼ እንስራው ሥር፣ እርጥብ መሬት ላይ አስቀመጥሁትና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሰባት። ስድስት። አምስት ተኩል። ጀርመኒየም ሙቀት ሲነካው ማፍሰስ ይጀምራል፣ ሚኒሞው ይዛባል። ይህን በፈተና ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ባሕር ዳር ተምሬው ናዝሬት ላይ ረሳሁት።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ወዬሳ ምን እንደሚለኝ ከአሁኑ ይሰማኝ ነበር፦ «እሺ፣ የእርሱ ዕቃ ስለሆነ ነው የሞቀው፤ ደኅና ዕቃ ቢሆን ይችል ነበር።» ጋሽ ራህመቶ እጅ ያልነካው፣ ደኅንነቱን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ጥንድ ያስፈልገኝ ነበር። በቤታችን እንዲህ ያለ ምስክር አንድ ብቻ ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ፣ እማዬ የጠለፈችው ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል።

እማዬ ወደ የት እንደምመለከት አየች። «አባትሽ የነገረሽን አስቢ» አለችኝ። ጋሽ ራህመቶን ማን እዚያ እንዳስገባቸው ነገርኋት። ከዚያ ሄዳ ካቻቢቴውን ከስፌት መኪናው መሳቢያ አወጣች፣ ፊቴ አስቀመጠችውና ወደ ጓሮ ወጣች። ሬዲዮዎን የከፈትሁት እንዲህ ነው። ሁለት ትራንዚስተሮች ነቀልሁ። ብሎኖቹን በሻይ ስኒ ውስጥ አኖርሁ፣ አንድም አልጠፋም።

እሑድ ስብሰባው በሦስት ሰዓት ተጠራ፤ ድሮ እኛ ወደ ጸሎት የምንሄድበት ሰዓት እንደሆነ ልብ ይሏል። ከኋላ አልተቀመጥሁም። ጓድ ወዬሳ ስለ አሻጥረኞች ረጅም ንግግር አደረገ። ጋሽ ራህመቶ በሁለት ጠባቂ መሃል ቆመዋል፤ ኮታቸው አቧራ ለብሷል፣ ዓይናቸው ግን እኔ የያዝሁት ሳጥን ላይ ነው። «አስተያየት ያለው?» ሲባል እጄን አወጣሁ። ወዬሳ፣ «ጓድ ጉዲቱ፣ ያንቺን ምስክርነት አስቀድመን ይዘናል፤ ተቀመጪ» አለ። «ያ ምስክርነት ስሕተት ነው፤ ላርመው ነው የመጣሁት» አልሁና ሳይፈቅድልኝ ወደ ፊት ወጣሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ አክስቴ ሻሼን ይጠይቋት።

ቴስተሩን የቀበሌው ሊቀመንበር በሚያዩበት በኩል አቆምሁት። ትራንዚስተሮቹን እንደ አምፑል የሚነቀሉና የሚሰኩ አድርጌአቸው ነበር። መጀመሪያ የጋሽ ራህመቶን ሰካሁ፤ መርፌው አራት ተኩል። ኡርጌሳ አንድ ክር መታ፣ በሬው አገሳ። በር ላይ ሻይ ከምትሸጠው ሴት የፈላ ሻይ በብርጭቆ ተቀብዬ ትራንዚስተሩ ላይ አስጠጋሁት። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ ጊታሩ እየተንተባተበ ሞተ። እርጥብ ጨርቅ አለበስሁት። መርፌው ወረደ፣ በሬው ተነሣ። «አሁን ደግሞ ሌላ ጥንድ» ብዬ የእርስዎን ሰካሁ። እንደዚያው ዘፈነ፣ ሻይ ሲነካው እንደዚያው ሞተ፣ ሲቀዘቅዝ እንደዚያው ተነሣ። «እነዚህ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቤታችን ሲናገር ከኖረ ሬዲዮ የወጡ ናቸው። የጋሽ ራህመቶ ዕቃ አሻጥር ከሠራ የእኛም ሬዲዮ አሻጥረኛ ነው። ድንጋዩን ያጣበቅሁት እኔ ነኝ። በሰዓቱ ሄጄ ሳላይ ብላሽ ነው ያልሁት እኔ ነኝ። ሰው መታሰር ካለበት ተራው የእኔ ነው» አልሁ።

ወዬሳ፣ «የማን ሬዲዮ ነው?» አለኝ። «የአባቴ፣ የአቶ መርዳሳ» አልሁት። «ያ ጸሎተኛው?» አለ። አባዬ፣ እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። «አዎ» አልሁ፤ «እዚሁ ጓሮ ስለ ጸሎታቸው ሃያ ሦስት ቀን አስራችኋቸው ወጥተው ስለ ማንም ክፉ ያልተናገሩት።»

ምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ የወፍጮ ቤቷ እትዬ ጫልቱ ከመሃል ተነሥተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እንግዲያው አሻጥረኛዋ ፀሐይ ናት! እሷን እሰሩልን፤ የእኛም ቆርቆሮ ይቀዝቅዝልን» አሉ። ሳቁ ከዳር ጀመረና ሊቀመንበሩ ድረስ መጣ። ሊቀመንበሩ አፋቸውን በወረቀት ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ወዬሳ የሚለው ሁሉ አልሰማ አለ።

ጋሽ ራህመቶ ማክሰኞ ተፈቱ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። ሱቃቸው እንደተከፈተ መጀመሪያ ያደረጉት እኔን አስጠርተው ሥራዬን መገምገም ነው። «ሙቀት የማይችል ነገር ለናዝሬት ሰው አይሠራም» ብለው ተቆጡኝ። ፋብሪካ የሠራው ሬዲዮ ሙቀቱን የሚያቻችል መላ ውስጡ አለው፤ የእኔ ሳጥን አልነበረውም። ስለዚህ አንዷን ሬዚስተር አውጥተን በቦታዋ ከድሮ ሬዲዮ የተነቀለ የድምፅ ማዞሪያ ተከልን፤ አሁን ሚኒሞው በእጅ ይታረማል። በዙሪያው በምስማር «ጧት»፣ «ቀትር»፣ «ማታ» ብዬ ጻፍሁ። ከቀትር አልፎ መጨረሻው ላይ ደግሞ «አሰብ» ብዬ ጻፍሁ፤ ጋሽ ራህመቶ ሲያዩት ሳቁ። ድንጋዮቹም አሁን ይወጣሉ፤ ኡርጌሳ እነርሱን ብቻ ያሰጣል። ሚያዝያ ሃያ ሦስት አደባባይ ላይ ማዞሪያውን «ቀትር» ላይ አድርጎ መታው። ድምፁ ሳይሞት ቆየ አባዬ። ሰው አንዴ ሙሉ ትንፋሽ እስኪስብ ድረስ ቆየ። የመቂ ኪነት ቡድን ልጆች ሰምተው በሽንኩርት መኪና ሰው ልከው እኛም እንፈልጋለን ብለዋል፤ ሁለተኛውን ጀምሬላቸዋለሁ።

የድጋፍ ደብዳቤዬ አልተፈረመም። ወዬሳ፣ «ጓድ ጉዲቱ ገና መብሰል ይቀራታል» ብሎ መለሰው፤ ቀኑም አለፈ። አላለቀስሁም ብል ውሸት ነው፤ አንድ ቀን አልቅሻለሁ። ግን ይህን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ስለ እኔ ለወዬሳ የይቅርታ ደብዳቤ እንዳይጽፉ፣ ሽማግሌም እንዳይልኩ። የሚያስፈራዎ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሃያ ሦስት ቀን ያዩትን አንድም ቀን አልነገሩንም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዝምታዎ እኛን ለማሳደግ እንደነበረ ይገባኛል፤ እኔ ግን ያደግሁት በዚያ ነውና አሁን አድጌያለሁ። ለሚመጣው ዓመት በፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር በኩል እንደገና አመለክታለሁ። እንቢ ካሉኝም በሦስተኛው ዓመት። ጀርመን የትም አትሄድም። ጋሽ ራህመቶ ግን በዚያ እሑድ ነበር የሚሄዱት።

አሁን ስለ ሬዲዮዎ። የእርስዎን ሁለት ትራንዚስተሮች ወደ ቦታቸው ለመመለስ ይዤ ስሄድ ጋሽ ራህመቶ እጄን ያዙኝ። «ቆይ» አሉ፤ «የአባትሽ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይቅሩ፣ ፀሐይና ሻይ ችለዋል። በሬዲዮው ውስጥ የእኔን ክተቺ። መርዳሳ ጆሮ አለው፤ ብላሽ መሆናቸውን እርሱ ይፍረድ።» እሺ አልሁ። ሳላስፈቅድዎ ነው። አሻጥር የተባሉት ሁለቱ እነሆ ሬዲዮዎ ውስጥ ገብተዋል፤ ይህን ስጽፍልዎ ከበላዬ ቁም ሣጥኑ ላይ ሆነው እየተናገሩ ናቸው። ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ቆርቆሮው እየተንጣጣ ነው፣ ድምፃቸው አልተሰበረም። እማዬ ልዩነቱን አላወቀችም። ለፈቃድ ሲመጡ ጫማዎን ሳያወልቁ በቀጥታ ሄደው ይክፈቱት። በቀትር ይክፈቱት። ከዚያ በኋላ ቢቆጡኝ እሰማለሁ።

እማዬ አሰፋሽ፣ «ካቻቢቴውን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ የሚቆጣ ከሆነ ለሁለታችን ያካፍለን» ብላ በናፍቆት ሰላም ትልዎታለች። ጫላ ቁመቱ እርስዎን ሊደርስ ነው፤ የአሰብን መርከቦች ሥዕል ይላኩልኝ ብሏል፣ ጉልበትዎን ይስማል። አክስቴ ሻሼ ሳጥኑ የዳነው በጸሎቷ እንደሆነ እንድነግርዎ አዝዛኛለች። ጋሽ ራህመቶ ከእነ ባለቤታቸው ሰላም ብለዋል፤ ኡርጌሳም እንደዚሁ፤ እትዬ ጫልቱ፣ «ልጅህን አሳድግልሃለሁ በዪው፣ አይስጋ» ብለዋል። ለአቶ አብደላ ከሁላችንም ከልብ የሆነ ሰላምታ ያቅርቡልን። ኑሬን ሳያበሉ እንዳይመልሱት፤ ማብሪያው የእርሱ ነው። ለወገብዎ ይጠንቀቁልኝ፣ ውኃ ያብዙ፣ በጥላ ይሂዱ።

እወድዎታለሁ፣ አከብርዎታለሁ፤ የሠራሁትንም አልመልስም።

ልጅዎ
ጉዲቱ መርዳሳ

ናዝሬት፣ ግንቦት 7 ቀን 1975 ዓ.ም.